ያልተወሰዱ ፎቶዎች

አጎቴ ስልክ ሲደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ገና ከማንሳቴ ወደ ጉዳዩ ይገባል፣ ሲጨርስም «በቃ» ብሎ ይዘጋል። የዚያን ዕለት ግን ደህንነቴን ጠየቀኝ፣ ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ጉንፋን አልያዘኝም ነበር። ያኔ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ሕንፃውን ሊያፈርሱት ነው።»

ሕንፃው የአጎቴ ፎቶ ቤት ያለበት አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ክረምቱ ሲወጣ እንዲለቅ ተነግሮታል። የሚሄደው ልጁ ዘንድ ነው፤ የምትሰጠው ክፍል አልጋና ወንበር ከገባባት ለመተላለፊያም አትተርፍም። ካሜራዎቹን የሚወስድለት ሰው አግኝቷል። መብራቶቹም፣ ደመና የተሳለበት መጋረጃም የሚሄዱበት አላቸው።

«እነሱ ዕቃ ናቸው» አለኝ። «እኔን ያስጨነቀኝ ቁምሳጥኑ ነው።»

ቁምሳጥኑን አውቀዋለሁ። ሰዎች ተነስተው፣ ታጥቦላቸው፣ ሳይወስዱት የቀሩት ፎቶ የሚቀመጥበት ነው። ሌላ ፎቶ ቤት ቢሆን በየዓመቱ እየጠረገ ይጥለው ነበር። የአጎቴ ሚስት ግን አንዱንም አላስነካችም። «የሰው ፊት አይጣልም፤ ይመጣሉ» ትል ነበር። ልትሞት ጥቂት ሲቀራት ያስማለችውም ይህንኑ ነው፤ ፎቶዎቹን ለየባለቤቶቻቸው ሳይሰጥ እንዳይጥላቸው። አጎቴም ማለላት። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ፣ ማንም አልመጣም፣ አሁን ደግሞ ቤቱ ሊፈርስ ነው።

«በኢንተርኔትም አውጥተነው ነበር እኮ» አለ እንደ ዋዛ።

«ምኑን?»

«ፎቶዎቹን ነዋ። እሷና እኔ። ድረ ገጽ አለን።»

ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የእኔ ሥራ ድረ ገጽ መሥራት ነው። የሌላ ሰው ኮድ ከፍቼ «ይህን የጻፈ እጁን ይያዘው» ስል የምውል ሰው ነኝ። ሁለት ሽማግሌዎች በአፍንጫዬ ሥር ድረ ገጽ ሠርተው፣ አድራሻ አውጥተው፣ ትንፍሽ ሳይሉኝ ኖረዋል!

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሷ ናታ! ‹ሳያልቅ እንዳታሳያት፣ ትቆጣናለች› አለች።»

እውነቷን ነው፣ እቆጣ ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። ከደረጃው አንዱ እንጨት ዛሬም ሲረግጡት ይጮኻል፤ ደንበኛ መምጣቱን የሚነግራቸው እሱ ስለነበር ደወል አስገጥመው አያውቁም። ግድግዳው ላይ ያው ሞላላ መስታወት አለ፣ ሥሩ ማበጠሪያ በገመድ ታስሯል። ማበጠሪያው የታሰረው ሰው ኪሱ እየከተተ ስላስቸገረ ነው።

ልጅ ሆኜ እናቴ ሥራ ስለሚያመሻት ከትምህርት ቤት የምመለሰው እዚህ ነበር። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ በቀዩ መብራት ሥር ቆሜ፣ ባዶ ወረቀት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ቀስ እያለ ሰው ሲሆን አያለሁ። መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ዓይኑ፣ በመጨረሻ ሸሚዙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያስደነቀኝ ግን የለም። የዚያ መድኃኒት ሽታ ዛሬም ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል፤ ያን ጊዜ ዓለም ትንሽ ነበረች፣ የምወዳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ፎቅ ላይ ይገኙ ነበር።

የአጎቴን ሚስት ሰፈሩ «እትዬ ኮሌታ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አጎቴ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ «አንድ፣ ሁለት» ሲል «ቆይ!» ብላ ትገባና የሰውየውን ኮሌታ ታስተካክላለች። ኮሌታ የሌለው ሹራብ ለብሶ የመጣም ቢሆን አንገቱ አካባቢ አንድ ነገር ነካ ነካ ሳታደርግ አትወጣም። አጎቴ በዚህ ነገር ሲበሳጭ ኖረ።

«አንቺ ሴት፣ ፊቱን አስቀየርሽብኝ!» ይላታል።

«አንተ ብርሃኑን አስተካክል፣ ሰውየውን ለእኔ ተወው» ትለዋለች።

የተገናኙትም እዚያው ወንበር ላይ ነው። ገና ወጣት ሳለች ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ልትወስድ ስትመለስ አጎቴ «አልደረሰም» አላት። ሌላ ጊዜ ስትመጣ «ፊልሙ ተበላሽቷል» አላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ወረቀት አልቋል»። በመጨረሻ ወገቧን ይዛ «ስማ፣ ፎቶዬን ትሰጠኛለህ ወይስ እናቴን ታነጋግራለህ?» አለችው። እናቷን አነጋገረ። ፎቶውን ግን ተጋብተውም፣ ወልደውም፣ አርጅተውም አልሰጣትም፤ ቁምሳጥኑ ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ቀረ። በተጣሉ ቁጥር «ፎቶዬን ያልወሰድኩ ደንበኛ ነኝ፣ አፍህን ሰብስበህ አናግረኝ» ትለው ነበር።

አጎቴ የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈልኝ። ገጹ መምጣት ጀመረ። መጣ አላልኩም፣ ጀመረ ነው ያልኩት። አጎቴ ወጥቶ ሻይ ይዞልኝ ሲመለስ የመጀመሪያው ሰውዬ ገና እስከ ግንባሩ ነበር የደረሰው። እያንዳንዱን ፎቶ ግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት ስፋት እንዳለ ጭነውታል።

ተሟልቶ ሲወጣ ግን አፌን ያዝኩ። ያምራል። በየፎቶው ሥር በእጅ የተጻፈ መግለጫ አለ፤ የእትዬ ኮሌታ ጽሕፈት ነው፣ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ፊደል ከአንዱ ሳይዛነፍ የቆመ። የፎቶ ቤቱ ስም፣ «ስለ እኛ» የሚለው፣ ስልኩ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው የተጻፈው። አንዱን ቃል በማውሱ ልመርጠው ሞከርኩ፣ እንቢ አለኝ። ሌላውን ሞከርኩ። ከዚያ ኮዱን ከፈትኩ።

አንድም የተጻፈ ቃል የለበትም። እሷ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ እሱ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ፣ ፎቶውን ነው የለጠፉት። አርዕስቱ ፎቶ ነው። ስልክ ቁጥሩም ፎቶ ነው። የፋይሎቹ ስም ካሜራው ራሱ የሰጣቸው ቁጥር ነው። የገጹ ርዕስ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ «ርዕስ አልባ» ይላል። የቁምሳጥኑ ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ተከምሯል። ይህን ስህተት ሌላ ሰው ፈልጎም አይሠራውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ዓለምን በካሜራ ያየ ሰው ብቻ ነው ጽሑፍንም ፎቶ የሚያነሳው።

እስኪያስለኝ ሳቅሁ። አጎቴ አብሮኝ ሳቀ፣ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላወቀም።

«ጋሼ፣ ይሄን አይቶ የደወለ ሰው አለ?»

«የለም። እሷ በየጠዋቱ ትከፍተው ነበር። ፀጉሯን አበጥራ ነው የምትቀመጠው፣ ሰው ከዚያ ማዶ የሚያያት ይመስል። ‹ዛሬ ይመጣሉ› ትላለች። ሳይመጡ ሲቀሩ ‹ሰው ሥራ ይበዛበታል› ትላለች።»

ኮዱን ዘጋሁት።

ልንገረው አልንገረው ከራሴ ጋር ተሟገትኩና ነገርኩት። ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ መፈለጊያው ላይ ቃል ይጽፋል። መፈለጊያው ደግሞ አስቀድሞ በየገጹ እየዞረ ያነበበውን ነው የሚያወጣለት። የሚያነበው ግን ኮዱ ውስጥ በፊደል የሰፈረውን ነው፤ እንዲህ ያለውን የእጅ ጽሕፈት፣ ያውም ፎቶ ውስጥ፣ ባዶ ግድግዳ እንዳየ ሰው አልፎት ይሄዳል።

አጎቴ መነጽሩን አወለቀ። «እና ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም አላነበባትም?»

«ማንም።»

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ደንበኞች የሚቀመጡበት ላይ። እዚያ ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

እኔ ሰው ማጽናናት አላውቅበትም፤ ሲጨንቀኝ ሥራ ውስጥ ነው የምደበቀው። «ግድ የለም፣ ይስተካከላል» አልኩት። «ይሄን ጽሕፈት በሙሉ አነሳዋለሁ፣ በቦታው በኮምፒውተር ፊደል እተካለሁ፣ ከዚያ…»

«ምን አልሽ?»

«ጽሕፈቱን አንስቼ…»

«አታነሺውም!»

ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ተነሳ። «ሰው የማያገኘው ድረ ገጽ ላም አለኝ በሰማይ ነው!» አልኩት። «ቢሆን! ላሚቱ የእኔ ናት!» አለኝ። «የማልክላትስ?» አልኩት። «እጇን ፍቀህ ጣል ብላ አላስማለችኝም!» አለኝ። ብለው ብሠራው ወይ ፍንክች። ዝምተኛ ሰው የተቆጣ ዕለት መያዣ መጨበጫ የለውም። እኔም ብሆን ቁጣን ከመንገድ አላነሳሁትም፣ ከዚሁ ዘር ነው የመጣሁት።

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል ጠረጴዛው ላይ የነበረ አንድ ፎቶ በክርኔ ነክቼ ጣልኩት። ሳነሳው ጀርባው ወደ ላይ ነበር። በእርሳስ የተጻፈ የእሷ ጽሕፈት አለበት። አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዳይቀላቀልባቸው የማን እንደሆነ ሁልጊዜ ከጀርባው ትጽፍ ነበር። ልጅ ሆኜ ስንቱን አቀብያታለሁ። ግን የዚያን ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ፎቶ ላይ የሰው ስም የት ነው የሚጻፈው?»

«ከጀርባው ነዋ» አለ፣ እንደተቆጣ።

«ለምን?»

«ፊቱ እንዳይበላሽ።»

«ኮድም ጀርባ አለው» አልኩት።

ቦርሳዬን አስቀምጬ አስረዳሁት። የእሷ ጽሕፈት እንዳለ ይቆያል፣ ማንም አይነካውም። በእያንዳንዱ ምስል ጀርባ፣ ኮዱ ውስጥ፣ ያንኑ የእሷን ቃል በፊደል እጽፍበታለሁ። ሰው ከፊት እጇን ያያል፣ መፈለጊያው ከጀርባ ቃሏን ያነባል። ማየት የተሳነው ሰው ቢመጣም ስልኩ ያንን የጀርባውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ምስል በተለጠፈ ቁጥር እንዲህ መደረግ አለበት፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ቦታ አለው፣ ሰው ነው ባዶውን የሚተወው።

አጎቴ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «ይሄን አስቀድመሽ አትናገሪም ነበር?» አለኝ። «ሻይሽን ጠጪ፣ ቀዝቅዟል።»

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። እሱ ፎቶውን አንስቶ ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አንዳንዴ እየጮኸ ነው የሚያነብልኝ። የእሷ መግለጫ የሰው ስም ብቻ አይደለም። «ከመንታዎቹ የሚያለቅሰው፤ ያኛው ቆንጥጦት ነው።» «አዲስ ጥርስ ያስገቡ የሒሳብ አስተማሪ፤ ሳቁ ሳይባሉ የሳቁ።» «ሠርጉ የቀረባት ልጅ፤ ቀሚሱን ግን ተነሳችበት።» «ብስክሌቴን ውጭ ትቼ አልገባም ያለው ፖስተኛ።» አጎቴ እያነበበ ይስቃል፣ መነጽሩን ያብሳል፣ ደግሞ ያነባል። በአንዳንዱ ላይ ማንበቡን ያቆማል፤ ያኔ ጣቶቼን የማፍታታ መስዬ እጠብቀዋለሁ።

ሳትጽፍባቸው የሞተችባቸውም ነበሩ። እነሱን ራሱ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

«ብርሃኑ ከግራ ነው» አለኝ ስለ መጀመሪያዋ። «ጥላው ትንሽ ጠንክሯል።»

«ጋሼ፣ ሰው እናቱን ሲፈልግ ‹ብርሃን ከግራ› ብሎ አይጽፍም!»

«የእናቱን ፊት የሚያውቅ ከሆነ ብርሃኗን ያውቃል።»

«ምን ትሠራ ነበር? ከማን ጋር መጣች? ምን አለች?»

«እሱን እሷ ናት የምታውቀው። እኔ ጭንቅላቴ የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ሥር ነበር።» እንዲያም እያለ ቀስ በቀስ አስታወሰ፤ ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ስትነሳም መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነበር። «መርፌውን ያየሁት ብርሃን ስላበራው ነው» አለኝ ለማሸነፍ ያህል። መርፌውን ጻፍኩት።

ለእያንዳንዱ ፎቶ የራሱን ገጽ ሰጠሁት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ የሚጮኽ ሰው ማን ይሰማዋል? የእሷን ዓረፍተ ነገር የገጹ ርዕስ አደረግሁት፣ ሥሩ ያለውን በቅደም ተከተል አደራጀሁ። በቁጥር ብቻ የሚታወቁትን ፋይሎች ስም አወጣሁላቸው። «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን አጥፍቼ ወዴት እንደሚወስድ በግልጽ ጻፍኩ። ስልክ ላይም እንዲስተካከል አደረግሁ። ቶሎ እንዲከፈቱ ፎቶዎቹን ላቀልላቸው ስል ግን ሁለተኛ ጦርነት ተነሳ።

«ፎቶዬን ልታከሺው ነው?»

«ጋሼ፣ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የለም። ትቶት ይሄዳል።»

«ድሮ ሰው ፎቶውን ሳምንት ይጠብቅ ነበር።»

«እሱማ፣ አንተ ዕድሜ ልክ ያስጠበቅሃትም ነበረች።»

ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም፣ እኔም በዚያው ሾልኬ አቀለልኳቸው። ስጨርስ አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ስክሪኑ ላይ ተደፋ። ከዓይን ሽፋሽፍት እስከ ቁልፍ ፈተሸ። «እ» አለ። በእሱ ቤት ይህ ምርቃት ነው። በመጨረሻ በየገጹ ግርጌ አንድ መስመር እንድጽፍ አዘዘኝ፦ «ጽሑፍ፣ እትዬ ኮሌታ። ፎቶ፣ ባሏ።»

አወጣነው። ከዚያ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። አጎቴ በየጠዋቱ እየደወለ ያለ ሰላምታ «መጣ?» ይለኛል፤ መፈለጊያው ዞሮ እኛ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል እለዋለሁ፤ «በቃ» ብሎ ይዘጋል። እኔም ውስጤ ይፈራ ነበር። የሠራሁት ልክ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሰዎቹ ሞተው ቢሆንስ? ረስተውት ቢሆንስ? ክረምቱ ደግሞ አይቆምልኝም።

አንድ ከሰዓት ደረጃው ጮኸ። የገባው ሰውዬ ራሱ የተመለጠ፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ዓይነት ነው። መስታወቱን አየ፣ የታሰረውን ማበጠሪያ አየና ሳቀ።

«ይቅርታ» አለ። «የሚያለቅሰው እኔ ነኝ።»

አጎቴ ወዲያው ገባው። «ቆንጣጩስ?»

«መኪና ውስጥ ነው። አፈረ መሰለኝ።»

እናታቸው ሁልጊዜ ታወራላቸው ነበር፣ ፎቶ ቤት ወስጃችሁ አንዱ ሲያለቅስ ይዣችሁ ወጣሁ፣ ፎቶውንም ሳልወስድ ቀረሁ እያለች። ቁም ነገር ብለውም ሳይሆን ሲቀልዱ ነው መንታ፣ ፎቶ ቤት፣ የሚያለቅስ ብለው የጻፉት። ቆንጣጩም ተጠርቶ መጣ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ትንሽ ፎቶ ላይ አጎንብሰው ማን ጀመረው በሚል ተጨቃጨቁ። አጎቴ የልብ ልብ ተሰማው፤ ያን ቀን ማታ የደወለልኝ ሰላም ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ ደወለ፣ አንዳንዱ ከሩቅ ከተማ ላኩልኝ አለ። የልብስ ሰፊዋ ልጆች በመርፌው አገኟት። ከሁሉ የማልረሳት ግን የነርስ ልብሷን እንደለበሰች በቀጥታ ከሥራ የመጣችውን ነው። አባቷ ፖስተኛ ነበር። ቤታቸው ውስጥ የእሱ አንድም ፎቶ የለም፤ እሱ ግን ከብስክሌቴ ጋር ተነስቻለሁ፣ አንድ ቀን አመጣዋለሁ ሲል ኖሮ ሞተ። እንደ ተረት ነበር የሚሰሙት። አጎቴ ከመደርደሪያው አውጥቶ ሰጣት። ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች።

«ደወሉ» አለች፣ ፎቶው ላይ የብስክሌቱን ደወል በጣቷ እየነካች። «ደወሉን እኔ ነበርኩ የምደውለው።»

አጎቴ ካሜራውን ወደ እሷ አዞረ። የአባቷን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ቀና አለች። «አንድ፣ ሁለት» አለና ቆመ። «ቆይ» ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደ። የነርስ ልብሷን ኮሌታ በሁለት ጣቱ አቀናና ተመልሶ አነሳት። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

የድረ ገጽ ሥራ አንድ የምወደው ነገር አለው፤ ሰዎች ምን ቃል ጽፈው እንደመጡ ማየት ይቻላል። ማን እንደሆኑ አይታወቅም፣ ቃላቸው ብቻ ነው የሚታየው። አጎቴ ይህን ከሰማ ወዲህ ያለሱ ቀኑ አይጀምርለትም። «ዛሬ ምን ብለው መጡ?» ይለኛል። እኔም አነብለታለሁ፦ አዲስ ጥርስ ያስገባ አስተማሪ፤ ሰማያዊ ቀሚስ ሳታገባ የቀረች፤ ድሮ ከድልድዩ አጠገብ የነበረ ፎቶ ቤት። ሰው የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ እንዴት በቀስታ እንደሚጠራው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ዝናቡ እየሳሳ፣ ቁምሳጥኑም እየጎደለ ሄደ። የሁሉም ፎቶ ባለቤት መጣ ብል ውሸት ነው። ቤቱ ሊለቀቅ ቀናት ሲቀሩ የቀሩትን በአንድ ሻንጣ አድርጌ ወደ ቤቴ ልወስዳቸው ተስማማን፤ ገጻቸው እስካለ ድረስ የሚመጣላቸው አይጠፋም። «ይመጣሉ» አለ አጎቴ፤ በእሷ ድምፅ ነው የተናገረው ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው ጠዋት ላይ ወንበሩ፣ ባዶው ቁምሳጥንና ኮምፒውተሩ ከነስካነሩ ብቻ ቀርተዋል። መስታወቱ የነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። «ዛሬስ ምን ብለው መጡ?» አለኝ ከልማዱ። ከፈትኩና ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ።

«ምነው?»

«እትዬ ኮሌታ» ብዬ አነበብኩ። ቀጥሎ ያለውም «እትዬ ኮሌታ ፎቶ ቤት» ይላል። ከሥሩ «ኮሌታ የምታስተካክለው ሴትዮ የት ናት»። ከሥሩ «እትዬ ኮሌታ ፎቶ»። አንድ ሰው አይደለም፣ ከብዙ ቦታ ነው። ግርጌው ላይ በጻፍነው ስሟ ይገባሉ፣ ከገጽ ገጽ ይዞራሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ።

«ምን ፈልገው ነው?» አለ አጎቴ።

«እሷን ነዋ፣ ጋሼ። ፊቷን። እኛ ዘንድ ደግሞ የለችም።»

በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድም የእሷ ፎቶ አልነበረም። የሁሉን ኮሌታ አስተካክላ ከካሜራው ፊት ዘወር ትል ነበር። ፀጉሯን አበጥራ እያንዳንዱን ጠዋት የጠበቀቻቸው ሰዎች ይኸው መጥተው፣ እሷን እየጠየቁ ነበር።

አጎቴ ተነሳ። ወደ ባዶው ቁምሳጥን ሄዶ የላይኛውን መደርደሪያ ዳበሰ። ሻንጣው ውስጥ አላስገባትም ነበር። ጉርድ ፎቶዋን አምጥቶ ስካነሩ ላይ አስቀመጠ፤ ወጣት፣ አገጯን ቀና ያደረገች፣ ለመሳቅ ደቂቃ የቀራት። ጀርባውን ገለበጥኩት። ምንም አልተጻፈበትም።

«ምን ልጻፍ?» አልኩት።

ብርሃኑን ይነግረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፎቶዋን ከእጄ ወሰደና ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጻፊ» አለኝ። «የመጣችው ለመታወቂያ ፎቶ ነው። ኮሌታዋን ራሷ ነች ያስተካከለችው። ደርሶላት ነበር፣ እኔ ነኝ አልደረሰም ያልኳት። እስካሁን አልወሰደችም።»

ቃል በቃል ጻፍኩት። ስክሪኑ ተምታታብኝ፣ ፊደሎቹን በልማድ ነው የመታኋቸው። ገጹን ላወጣው ስል እጄን ያዘኝ።

«ብርሃኑ ከግራ ነው» አለ። «እሱንም ጨምሪበት።»